ከሰል፣ ድስት፣ ሃይላንድ፦ የማዕድ ቤት መርዝን ለመቀነስ ከየቱ እንጀምር?

ፕላስቲክ ካንሰር ያመጣል የሚል ቪዲዮ ያላየ ሰው የለም። ቴሌግራሙም ቲክቶኩም በእሱ ተሞልቷል። ሰው ይደነግጥና የፕላስቲክ ዕቃውን ጥሎ ብርጭቆ ይገዛል። ያንኑ ቀን ማታ በሩን ዘግቶ ከሰል ያቀጣጥላል። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ቅደም ተከተል ነው። የአብዛኞቻችን ኪስ ሁሉንም ባንዴ መቀየር አይችልም። ስለዚህ መርዝ የተባለውን ሁሉ ከመደርደር፣ ባለችን ብር መጀመሪያ የቱን እንቀይር የሚለውን ብናይ ይሻላል።

መልሴን ከወዲሁ ልንገራችሁ። ብር ካላችሁ መጀመሪያ ጭሱ ላይ አውጡት። ቀጥሎ ድስቱ ላይ። ፕላስቲኩ ብር እንኳ አይፈልግም፤ ልማድ መቀየር ይበቃዋል። የውኃውና የቅመሙ ጉዳይ ደግሞ እንደምትኖሩበት ቦታና እንደምትገዙበት ሱቅ ይለያያል።

አንዱ ከሌላው ይብሳል ወይ ብዬ ስመዝን ሦስት ነገር አያለሁ። በቀን ስንቴ ያገኘኛል? በየት በኩል ይገባል? ቤት ውስጥ ማን አለ? በወር አንዴ የሚያጋጥመንና በቀን ሦስቴ የምንተነፍሰው እኩል አይደሉም። ሕፃን ወይም ነፍሰ ጡር ካለች ደግሞ ሂሳቡ በሙሉ ይቀየራል። እርሳስ የሚባለውን ከባድ ብረት ውሰዱ። ከምግብ ጋር ሲገባ የሕፃን ሆድ ከአዋቂው ከአራት እስከ አምስት እጥፍ አብልጦ ይወስደዋል።

ማገዶ፣ ከሰል፣ ጋዝ ወይስ ኤሌክትሪክ?

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ ከቤት ውስጥ ጭስ ጋር በተያያዘ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከነሱ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። የሕፃናቱ ዋና ችግር የሳንባ ምች ነው። በአዋቂው ላይ የልብ ሕመም፣ ስትሮክ፣ ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታና የሳንባ ካንሰር ይመጣሉ። እናቶቻችን በስተርጅና ዓይናቸው ሞራ የሚለብሰው በዕድሜ ብቻ አይደለም፤ ጭሱም ድርሻ አለው።

ይሄው ድርጅት አየር ውስጥ ያለ ደቃቅ ብናኝ በ24 ሰዓት ውስጥ በአማካይ ከ15 ማይክሮግራም በኪዩቢክ ሜትር እንዳይበልጥ ይመክራል። እንጨት የሚነድበት የተዘጋ ማዕድ ቤት ውስጥ ይህ ቁጥር ብዙ መቶ ይደርሳል፤ እሳቱ ሲበረታ ሺህም ያልፋል። ከዚህ ጋር የሚወዳደር ሌላ መርዝ በብዙ ቤት ውስጥ የለም።

እንግዲህ አማራጮቹን እናወዳድር።

በሦስት ጉልቻ እንጨት ማንደድ ከሁሉም የከፋው ነው። በእርግጥ ደጅ ከሆነ ጉዳቱ በጣም ይቀንሳል። ደጅ የሚነድ እንጨት ቤት ውስጥ ከሚነድ ከሰል የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ቦታው ከማገዶው ዓይነት እኩል ዋጋ አለው። ለእንጀራ የሚሆነው ከሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲወዳደር የማገዶ ፍጆታውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። «ላቀች» የተባለችው የከሰል ምድጃም ከቆርቆሮዋ ምድጃ ሩብ ያህል ከሰል ትቆጥባለች። ሁለቱም ለኪስም ለደንም ጥሩ ናቸው። ግን ማገዶ ቆጠበ ማለት አየሩን አጸዳ ማለት አይደለም። ጭሱ በማውጫ ወደ ውጭ ካልሄደ በስተቀር ጋጋሪዋ አሁንም ጭስ ውስጥ ናት።

ከሰል ሰውን የሚያታልለው ጭሱ ስለማይታይ ነው። ከእንጨት ያነሰ ብናኝ እንዳለው እውነት ነው። ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ በብዛት ያወጣል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። ደም ውስጥ ገብቶ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። መጀመሪያ ራስ ያማል፣ ያዞራል፣ ያቅለሸልሻል። ሰው ጉንፋን ነው ወይ ምች መታኝ ብሎ ጋደም ይላል። ትልቁ አደጋ ያ መጋደም ነው። በክረምት ቤት ለማሞቅ ከሰል አስገብተው ተኝተው ያልተነሱ ሰዎችን ዜና በየዓመቱ እንሰማለን። እሳቱ አመድ ሲለብስ «ጠፍቷል» ማለትም ስህተት ነው፤ ቀስ ብሎ የሚጨስ ፍም ጋዙን ማውጣቱን አያቆምም። መኝታ ቤት ውስጥ ከሰል ማሳደር ከሌላ አማራጭ ጋር የሚነጻጸር ነገር አይደለም፤ በጭራሽ አይደረግም። አንድ ሰው ቤት ውስጥ ከሰል እየነደደ ራሱን አሞት ካገኛችሁት መጀመሪያ ወደ ንጹሕ አየር አውጡት፤ ከዚያ ወደ ሐኪም።

ነጭ ጋዝ የብዙ ተማሪና ላጤ ምድጃ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ለቤት ውስጥ ማብሰያ እንዳይመከር ብሏል። ብናኝ አለው፣ ቃጠሎ ያደርሳል፣ በሃይላንድ ተቀምጦ ሕፃን ውኃ መስሎት ይጠጣዋል። ማደሪያውንም ማዕድ ቤቱንም አንድ ክፍል ውስጥ ላደረገ ሰው እኔ አልመርጥለትም።

በሲሊንደር የሚመጣው የማብሰያ ጋዝ ከእነዚህ ሁሉ በጣም ይሻላል። ብናኙ ጥቂት ነው። ችግሩ ዋጋውና አቅርቦቱ ነው፤ ሲጠፋ ሰው ተመልሶ ወደ ከሰል ይሄዳል። ሲነድ ናይትሮጅን ዳይኦክሳይድ የሚባል የመተንፈሻ አካልን የሚቆጣ ጋዝ ስለሚያወጣ አስም ያለበት ልጅ ካለ መስኮት ይከፈት። ቱቦው ላይ በየጊዜው የሳሙና አረፋ ቀቡና አረፋ ከነፋ ወዲያው ዝጉት።

ኤሌክትሪክ በጤና በኩል ተወዳዳሪ የለውም። ቤት ውስጥ የሚነድ ነገር የለም። የኛ መብራት በአብዛኛው ከውኃ ግድብ ስለሚመጣ ጭሱን ወደ ሌላ ሰፈር አላዛወርነውም። ታሪፉ እየጨመረ መሆኑ አይካድም። ከሰሉም ግን ርካሽ መሆን ካቆመ ቆየ፤ የአንድ ወር የከሰል ወጪያችሁን አንዴ ጻፉትና ከቆጣሪው ጋር አስተያዩት። ዋናው ፈተና መብራት መጥፋቱና የቤቱ መስመር ነው። የእንጀራ ምጣድ 3 ሺህ 500 ዋት አካባቢ ይስባል። ቀጭን ገመድና የተቃጠለ ሶኬት ይዞ ምጣድ መሰካት ቤት ማቃጠል ነው። መጀመሪያ ኤሌክትሪሽያን ጥሩና ለብቻው መስመር ያውጣላችሁ።

ለዕለት ወጥ ደግሞ ስቶቭ ወይስ ኢንዳክሽን? ኢንዳክሽን በማግኔት ኃይል ድስቱን ራሱን የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ቶሎ ያበስላል፣ ትንሽ መብራት ይበላል። ነገር ግን ማግኔት የሚይዘው ድስት ይፈልጋል። የአልሙኒየም ድስትና ሸክላ ተራው ኢንዳክሽን ላይ አይሠሩም። ስለዚህ ምድጃውን ስትገዙ ድስቱንም አብራችሁ አስሉ። ተራው ስቶቭ ሁሉንም ይቀበላል፤ ጉዳቱ የቆጣሪው ሩጫ ነው።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም ይባላል። አያጣፍጥ፤ ሳንባ ያተርፋል።

ሁሉንም ወደ ኤሌክትሪክ መቀየር ካልቻላችሁ እንጀራውን አስቀድሙ ባይ ነኝ። አንዴ ምጣድ ከተጣደ ጋጋሪዋ ረጅም ሰዓት እሳት ሥር ናት። ኮንዶሚኒየም ከሆናችሁ ኮሚናሉን፣ ማለትም የጋራ መጠቀሚያ ቤቱን፣ ተጠቀሙበት። የተጋገረ እንጀራ መግዛትም ጭሱን ከቤት ያስወጣል። የሻጯን ሳንባ ማን ያስብለት የሚል ካለ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ በኤሌክትሪክ ከምትጋግር ግዙ።

ስለ ቡና ደግሞ አትቆጡኝ። ቡና ተዉ አልልም፣ እኔም አልተውኩም። ነገር ግን በአንድ ጠባብ ሳሎን ውስጥ ከሰሉ፣ የሚቆላው ቡናና ዕጣኑ በአንድ ሰዓት ይገናኛሉ፤ ሦስቱም ብናኝ ናቸው። ቡናውን ማዕድ ቤት መስኮት ሥር በስቶቭ ቆልቶ ሽታውን ለእንግዳ ማዞር ይቻላል። ጀበናው ትንሽ ስቶቭ ላይም ይፈላል። ዕጣኑም ሙሉ ቀን መጨስ የለበትም። የግድ ከሰል ከሆነ በረንዳ ላይ ወይም በሩና መስኮቱ ፊት ለፊት ተከፍተው ይሁን። አንዱ ብቻ ሲከፈት አየሩ አይዞርም።

አንዲት ነገር ልጨምር። ከሰል በፌስታል የሚያቀጣጥል አለ። በተለይ ዝናብ ሲሆን የላስቲክ ቁራጭ፣ የጫማ ሶል፣ የተገኘ ሁሉ ይገባል። ፕላስቲክ በዝቅተኛ ሙቀት ሲቃጠል፣ በተለይ ፒቪሲ የሚባለው የቧንቧ ፕላስቲክ ካለበት፣ ዳይኦክሲን የሚባል አካል ውስጥ ለዓመታት የሚቆይ መርዝ ይወጣል። ፕላስቲክ ከፈራችሁ ከሁሉ በፊት የምትፈሩት ይሄንን ነው። ጭራሮ በቂ ነው።

ድስቱ ከምን ይሠራ?

ብረት ድስት የምንለው አብዛኛው አልሙኒየም ነው። አልሙኒየም ሁሉ ግን አንድ አይደለም። በፋብሪካ ከንጹሕ ዝርግ አልሙኒየም የተሠራ አለ። ከተሰበሰበ ቁርጥራጭ ቀልጦ በአሸዋ ቅርጽ የሚፈስ ደግሞ አለ። ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ቁርጥራጩ ውስጥ የመኪና ሞተር ክፍል፣ ራዲያተር፣ የኤሌክትሮኒክስ ስብርባሪ ይገባል። ከነሱ ጋር እርሳስና ካድሚየም የሚባል ሌላ ከባድ ብረት ይመጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 ይፋ በሆነ ጥናት ኬንያንና ታንዛኒያን ጨምሮ ከ10 አገራት የተሰበሰቡ 42 እንዲህ ያሉ ዕቃዎች ተፈትሸው ነበር። አንድ ሦስተኛ ያህሉ ኮምጣጣ ነገር ሲፈላባቸው የሚያሳስብ መጠን ያለው እርሳስ ለቀዋል።

ለእርሳስ ደህና የሚባል መጠን የለም። የልጅን አእምሮ ይጎዳል፤ ጉዳቱ አይመለስም። አዋቂ ላይ የደም ግፊት ያመጣል። አጥንት ውስጥ ተቀምጦ ቆይቶ በእርግዝና ጊዜ ወደ ደም ይወጣል።

እንዴት ትለዩታላችሁ? ዓይን ብቻውን አያረጋግጥም፤ ምልክቶች ግን አሉ። ወፍራምና ሻካራ ነው። ውስጡ ላይ የአሸዋ ጠባሳና ጥቃቅን ቀዳዳ ይታያል። የፋብሪካ ስም የለውም። ሲፈተግ ጥቁር ነገር ይለቃል። ይህ ዓይነት ድስት ካላችሁ ቢያንስ ኮምጣጣ ነገር አትሥሩበት። የኛ ማዕድ ቤት ውስጥ ኮምጣጣ የትኛው ነው? ቲማቲም የበዛበት ወጥ፣ ሎሚ የገባበት ሁሉ፣ ደግሞ ማንም የማያስበው አብሲት። የቦካ ሊጥ ኮምጣጣ ነው፤ እሱን አልሙኒየም ላይ ማፍላት ብረቱን ማጠብ ነው። ለአብሲት ለብቻው አንድ ስቴንለስ ድስት ያዙ። ወጥ በድስቱ አሳድሮ በማግስቱ ማሞቅም ልክ እንደዚያው ነው። ሲበርድ ወደ ሌላ ዕቃ ገልብጡት።

ስቴንለስ ለእኔ አንደኛው ምርጫ ነው። ውድ ነው፤ ግን ዕድሜ ልክ ይኖራል፣ ኮምጣጣ አይፈራም፣ ማግኔት የሚይዘው ዓይነት ከሆነ ኢንዳክሽን ላይም ይሠራል። ስትገዙ ትንሽ ማግኔት በኪሳችሁ ያዙና ታችኛውን ክፍል ሞክሩት። ትንሽ ኒኬል ይለቃል፤ ይህ የሚያሳስበው የኒኬል አለርጂ ያለበትን ሰው ነው። ብዙ ድስት አትግዙ። አንድ ትልቅና አንድ መካከለኛ ይበቃል፤ የቀረው አልሙኒየም ሩዝና ድንች ይቀቅልበት።

የብረት መጥበሻ፣ ያ ጥቁሩና ከባዱ፣ ትንሽ ብረት ወደ ምግቡ ይጨምራል። ደም ማነስ ላለባት ሴት ይህ ጥቅም ነው። እንዳይዝግ ማድረቅና ዘይት መቀባት ብቻ ነው ሥራው።

ሸክላ የኛ ነው፣ ጣዕሙም ሌላ ነው። በጎመን ዘርና በዘይት የሚሟሸው የአገራችን ሸክላ የመስታወት ቅብ የለውም። በሌላው ዓለም ሸክላን አደገኛ ያደረገው ብዙ ጊዜ እርሳስ ያለበት የሚያብረቀርቅ ቅብ ነው። ስለዚህ ከገበያ የተገዛ ባለቀለም አንጸባራቂ ሳህን ለጌጥ ይሁን፤ የአገሩን ድስት ግን አትፍሩት። ችግሩ ሸክላ ስንል ብዙዎቻችን አብረን ከሰል እንላለን። በስቴንለስ ሠርታችሁ በሸክላ አቅርቡ፤ ሙቀቱንም ይይዛል።

ቴፍሎን በሚባለው ምግብ የማያጣብቅ ቅብ ላይ የሚወራው ከእውነታው የገዘፈ ነው። በመካከለኛ እሳት ችግር የለውም። ባዶውን እሳት ላይ ረስታችሁት ከ260 ዲግሪ ሲያልፍ ግን ቅቡ መበስበስ ይጀምራል፤ ጭሱም ሳንባ ያቃጥላል። ቅቡ ሲላጥ ጣሉት። ወደ አልሙኒየሙ ልመለስና፣ ውጭ አገር ያላችሁም አንድ ነገር ልብ በሉ። በአሜሪካ ሲያትል አካባቢ የጤና ባለሙያዎች በአፍጋን ስደተኛ ልጆች ደም ውስጥ ያገኙት እርሳስ ከአገራቸው ካመጡት የአልሙኒየም ድስት ጋር ተያይዟል። ሲያትል ያለችበት የዋሽንግተን ስቴትም እ.ኤ.አ. በ2024 በማብሰያ ዕቃ ውስጥ ያለን እርሳስ የሚገድብ ሕግ አወጣ። በሻንጣ የምትወስዱት ድስት ከምን እንደተሠራ ካላወቃችሁ ሸክላው ይሻላል።

ፕላስቲኩስ?

እዚህ አጭር እሆናለሁ። ፕላስቲክ ውስጥ ያለው ኬሚካል ወደ ምግብ በብዛት የሚወጣው በሙቀት፣ በቅባትና በኮምጣጣ ነው። ይህን ካወቃችሁ ዕቃ መጣል አያስፈልጋችሁም።

ፌስታል የፈላ ድስት ላይ መክደን፣ ትኩስ ጥብስ በፌስታል መጠቅለል፣ ሻይ በሃይላንድ መቅዳት፤ እነዚህ ሦስቱ ዛሬውኑ ይቅሩ። ቀዝቃዛ ውኃ በሃይላንድ ያን ያህል አያስጨንቅም፤ ፀሐይ ላይ አታቆዩት፣ ሲጫጫር ጣሉት። ዘይት በጀሪካን ፀሐይ ላይ የሚደረድር ሱቅ ካለ አጠገቡ ያለውን ምረጡ።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የቀለም ባልዲ ነው። ግንባታ ያለበት ሰፈር ሁሉ ባልዲው ታጥቦ ውኃ ይቀዳበታል፣ ሊጥ ይቦካበታል። ኬሚካል የነበረበት ሰማያዊ በርሜልም ለጠላ ይገዛል። ኢትዮጵያ በቀለም ውስጥ ያለውን እርሳስ በ90 ፒፒኤም (ከሚሊዮን እጅ 90 እጅ) የሚገድብ ደንብ አላት፤ ይህ ግን የቀለም ባልዲን የምግብ ዕቃ አያደርገውም። ምን እንደነበረበት የማታውቁትን ዕቃ ለልብስ ማጠቢያ አድርጉት። ለሊጥ ለምግብ ተብሎ የተሠራ ባልዲ ግዙ፤ ዋጋው ከፍ ቢል ጥቂት ነው። ታቹ ላይ ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ 2 ወይም 5 የሚል ቁጥር ፈልጉ። ለሕፃን ጡጦ ደግሞ ብርጭቆ ወይም ቢፒኤ (አንዳንድ ፕላስቲክ የሚሠራበት ኬሚካል) የለውም የሚል ይሁን። የአውሮፓ ኅብረት ቢፒኤን ከጡጦ ያስወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው፤ በ2024 መጨረሻ ደግሞ ምግብ ከሚነኩ ዕቃዎች በሙሉ እንዲወጣ ወስኗል።

ውኃና ቅመም እንደየአካባቢው

አዲስ አበባ ላለ ሰው የውኃ ዋና ሥጋት ጀርም ነው። ማፍላትም ክሎሪን መጨመርም ይሠራል። ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ከሆናችሁ፣ በተለይ መተሐራ፣ ወንጂ፣ ባቱና ሐዋሳ አካባቢ፣ ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ የጉድጓድ ውኃ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይዞ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ገደብ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። የበለጠ ሲሆን የልጆች ጥርስ ይበልዛል፤ ለዓመታት ሲጠጣ አጥንት ያጎብጣል። ማፍላት አይረዳም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን ፍሎራይዱ ይበረታል። ክሎሪንም አይነካውም። የሚያወጣው የተቃጠለ የአጥንት ከሰል ያለበት ማጣሪያ ወይም ሪቨርስ ኦስሞሲስ (ውኃን በግፊት በስስ ወንፊት የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ነው። ማጣሪያ መግዛት ካልተቻለ የዝናብ ውኃ ለመጠጥና ለማብሰያ ለብቻው ይቀመጥ፤ ለልብሱ የጉድጓዱ ይበቃል። የሕፃናቱን ድርሻ አስቀድሙ፤ ጥርሳቸው የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ ስምንት ዓመታት ነው።

ቅመም ላይ ምርጫው የተፈጨውን ወይስ ያልተፈጨውን ነው። ባንግላዴሽ ውስጥ እርድ ቢጫነቱ እንዲደምቅ እርሳስ ያለበት ቀለም ይቀላቀልበት ነበር። መንግሥት ነጋዴዎቹን ተቆጣጥሮ እ.ኤ.አ. በ2021 ከገበያ በተወሰደ ናሙና ውስጥ ሊያጠፋው ችሏል። እኛ ጋ ደግሞ በርበሬ ውስጥ የሸክላ ዱቄት መገኘቱ የታወቀ ወሬ ነው። እርዱን በሥሩ፣ በርበሬውን በዛላው ገዝቶ ማስፈጨት አድካሚ ነው፤ ማታለሉን ግን በአብዛኛው ይዘጋዋል። ዛላው ሲመረጥ ሻጋታ ያለበት ይውጣ። ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያመጣል፤ እሱም ቢቆላ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም፣ ጉበትንም ይጎዳል። ለውዝም እንዲሁ ነው፤ የተጨማደደውንና ቀለሙ የጠቆረውን ለይታችሁ ጣሉት፣ ለዶሮም አትስጡት።

ጎመንና ሰላጣ ላይ ሁለት ዓይነት ችግር አለ። ላዩ ላይ ያለ አፈር፣ ጀርምና የፀረ ተባይ ቅሪት በደንብ ሲታጠብ ይቀንሳል። በአቃቂ ወንዝ ዳር በቆሻሻ ውኃ የበቀለ ቅጠል ውስጥ የገባ ከባድ ብረት ግን በኮምጣጤም በጨውም አይወጣም። ቅጠላ ቅጠል ከፍሬውና ከሥሩ ይልቅ ብዙ ይሰበስባል። ስለዚህ ሻጯን ከየት እንደመጣ ጠይቋት። ካላወቀች ከተለያየ ሰው ግዙ፤ ጥሬ ሰላጣውን ቀንሳችሁ ካሮት፣ ዱባና ጥቅል ጎመን ጨምሩ።